ወፍራም የበግ ፀጉር ሹራቤ ታጥቦ ጉልበቴ ላይ ደረሰ፣ ልተርትረው ወይስ መላ አለው?

ሰላም የወሎ ልጆች፣ ደሴም ኮምቦልቻም ወልድያም ያላችሁ፣ ስደት ላይም ያላችሁ። የእጅ ስራ የምታውቁ ሀሳብ ጀባ በሉኝ፣ እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ወፍራም ሹራብ ለራሴ ልስራ ብዬ ግንቦት ላይ ጀመርኩ፣ የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ጦሳ ጉሙን ሲለብስ የሱቅ ሹራብ ምንም አያደርግም። ክሩን የላከችልኝ አክስቴ ናት፣ ከጉጉፍቱ ደጋ፣ በእንዝርት የተፈተለ የበግ ፀጉር፣ ቡኒውም ጥቁሩም የበጉ የራሱ ነው እንጂ ቀለም አልነካውም። ልቃቂቶቹ ሲመዘኑ አንድ ኪሎ ትንሽ ፈሪ። መርፌው 8 ቁጥር ነው፣ ማለት 8 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ ፈልጌ አጥቼ ወንድሜ ከወይራ እንጨት ጠርቦ አለስልሶ ሰራልኝ። ጀርባውን በ60 ቀለበት ጀመርኩት (አንዳንዶቻችሁ ዓይን ትሉታላችሁ፣ በዚህ አትጣሉኝ)፣ ከዚያ ሁለቱን ፊት፣ ከዚያ እጅጌዎቹን፣ ሁሉንም ለየብቻ።

ስራው ሰባት ሳምንት ፈጀብኝ። ፊኒሺንጉን ግን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጨረስኩት፣ ምክንያቱም በነጋታው ለአጎቴ ልጅ ኒካህ ሀይቅ ለብሼው ልሄድ ፈልጌ። ጎኑን ትከሻውን እጅጌውን ሰፋሁ፣ ፊቱ ላይ ለቁልፍ የሚሆን ጠርዝ ጨመርኩ፣ ስድስት ቁልፍ ተከልኩ፣ የበግ ሽታው እንዲለቅ ለብ ባለ ውሃ አጥቤ ትከሻውን በመቆንጠጫ ይዤ ሽቦ ላይ አሰጣሁት። ጠዋት ስወጣ ሹራቡ በርኖስ ሆኗል። 66 ሴንቲ የነበረው 84 ገብቷል፣ ትከሻው ክንዴ ላይ ወርዷል፣ የቁልፉ ጠርዝ ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ሞገድ ሰርቷል። እናቴ አየችው፣ ምንም አላለችም፣ ሄዳ ቡና ቆላች። ይሄ ከስድብ ይከፋል።

ጥያቄዬ ይሄው ነው፣ ሙሉ በሙሉ ተርትሬ እንደ አዲስ ልጀምር ወይስ የሚድንበት መላ አለ?

(ከሦስት ሳምንት በኋላ የጨመርኩት)

ክሩ፣ የውይይቱን ማለቴ ነው፣ 43 መልስ ደርሷል፣ ግማሹ ደግሞ ስለ መቅደላ ነው። አዲስ የሚገቡ ሰዎች እያነበቡ እየጠፉ ስለሆነ መልሶቹን በየቁጥራቸው እኔው በራሴ አፍ ላውራላችሁ። የረሳሁት ካለ ወርዳችሁ አንብቡት።

1ኛዋ የኩታበሯ እህት ናት። የመልሷ ግማሽ ሰላምታ ነው፣ እናቴን ሁሉ ጠይቃለች። ከዚያ ስራውን ከመጀመሬ በፊት ትንሽ ናሙና ሰርቼ አጥቤ ለክቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። መስራቱንስ ሰርቻለሁ፣ መዳፍ የምታክል፣ በ10 ሴንቲ 12 ቀለበት ወጥቶልኛል፣ አላጠብኳትም እንጂ። ዛሬውኑ እጠቢያት አለችኝ።

2ኛው አብሽሪ ብሎ ዱዓ አድርጎልኝ ወጣ። አሚን ብያለሁ።

3ኛው ስሙን በቁጥር የጻፈው ሰውዬ ነው፣ ከዚህ ጀምሮ ሰላማችን ደፈረሰ። እርጥብ የበግ ፀጉር ሽቦ ላይ የሚያሰጣ ሰው ክሩን ለሚያውቅበት ይስጥ ባይ ነው። በደጋ ክረምት ወፍራም ሹራብ በአንድ ሌሊት ይደርቅልኛል ብዬ ማሰቤንም አልማረኝም። ከስድቡ መሀል ግን ቁምነገር አለው፣ የበግ ፀጉር ከክብደቱ 30 ከመቶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ እንኳን በእጅ ሲነካ እርጥብ እንደማይመስል፣ ከሳፋ ሲወጣ ደግሞ ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ውሃ እንደሚሸከም፣ እኔ ያን ሁሉ ጭነት በሁለት የትከሻ ስፌት ላይ እንደሰቀልኩት አስረድቷል። 4ኛዋ ለምን እንዲህ ትናገራለህ ብላ ተቆጣችው፣ 5ኛው ደግሞ እሷን ተቆጣ። እኔ ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም ሰውዬው ልክ ነው።

6ኛው የኔ ነው። ናሙናዋን አጥቤ ጠፍጣፋ ላይ አድርቄ ስቆጥር በ10 ሴንቲ 11 ቀለበት ሆነች። 7ኛ ላይ የኩታበሯ እህት ሂሳቡን ሰራችልኝ፣ 60 ቀለበት በ12 ሲሰላ 50 ሴንቲ ነው፣ በ11 ሲሰላ 54 ሴንቲ ተኩል። ጀርባው ብቻውን 4 ሴንቲ ተኩል ጨመረ ማለት ነው፣ ዙሪያው 9። ስለዚህ ስፋቱ የመጣው ከመታጠቡ፣ ርዝመቱ ግን ከሽቦው ነው፣ ሁለቱን ለያይቼ እንዳይ መከረችኝ። እንዲህ ለያይቶ የሚያስብ ሰው ደስ ይለኛል።

8ኛው የዚህ ክር ጌጥ ነው። አንዲት ልጅ ከወረኢሉ፣ ለአያቷ እያነበበች አያቷ የሚሉትን ትጽፋለች። እማማ መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁ፣ አክስቴ የማን ሚስት እንደሆነች ጠየቁ፣ ከዚያ ነው ወደ ክሩ የገቡት። ፀጉሩ ከበጉ የትኛው ቦታ እንደተሸለተ ማወቅ ፈለጉ፣ የትከሻው ለስላሳ ነው፣ የሆዱና የእግሩ ሻካራ ስለሆነ አንገት ይኮሰኩሳል፣ እሱን ለባና፣ ለወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ ነው የሚተውት። ፎቶውን በልጅቷ ስልክ አስጠግተው አይተው ፈትሉ እንዳልከረረ ተናገሩ። ያልከረረ ፈትል ይሞቃል ግን ይለጠጣል፣ ሲለበስም ቶሎ ይሞጨጫል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንዳልተረትረው አስጠነቀቁኝ፣ እንዲህ ያለ ልል ፈትል ሲሰራና ሲተረተር ፀጉሩ ከፀጉሩ ተያይዞ እየተጎተተ ይሳሳል፣ ሁለተኛ ሲሰራ የመጀመሪያውን አይሆንም። ታጥቦ በጠፍር አልጋ ላይ ሰሌን ተነጥፎ ይተኛ፣ አየር ከስር ይግባበት ነው ያሉት። እኔ ቤት የጠፍር አልጋ የለም፣ ከጎረቤት ተዋስኩ።

9ኛው ሰው በጣም በሞቀ ውሃ ብታጥቢው ራሱ ይሰበሰባል ብሎ መከረ። ኧረ በአላህ! 10ኛዋ ወዲያው ነው የደረሰችበት። የበግ ፀጉር እያንዳንዷ ዘለላ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነገር አላት፣ ሙቅ ውሃና ሳሙና ገብቶባት ሲታሽ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ተያይዞ ይቆለፋል፣ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም፣ መጠኑን መርጠሽ ማቆምም አትችይም። ምስክር አድርጋ ወንድሟን አመጣች፣ ከሳልቫጅ የገዛውን ደህና የሱፍ ሹራብ ቀቅሎ አሽቶት አሁን የስድስት ዓመት ልጁ ይለብሰዋል፣ እሱም እጅጌው አጥሮት። 9ኛው ሰው መልሱን ሳያጠፋ ይቅርታ ብሏል፣ ጨዋ ነው።

ከ11 እስከ 15 ወሬው ወደ ሳሙና ዞረ። አንዱ የዱቄት ሳሙና የበግ ፀጉር እንደሚበላ ተናገረ፣ ሌላዋ ለፀጉራችን የምንጠቀመውን ሻምፖ መከረች፣ ምክንያቱም ይሄም ፀጉር ነው፣ ልክ ናት። 13ኛው እንዶድ አነሳ፣ ጋቢ በእንዶድ ሲታጠብ ያደገ ሰው ነው። 14ኛው ከዚያ ተነስቶ ዶክተር አክሊሉ ለማን አመጣ፣ በፈረንጆቹ 1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይቶ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ የሚገድል መሆኑን ያገኘው እሱ ነው። ሸጋ ታሪክ ነው፣ ለሹራቤ ግን ምንም አልጠቀመም። 15ኛው ይህንኑ በጨዋነት ሳይሆን ተናገረ።

16ኛ ላይ ቲቸር መጡ። ስማቸውን አልጽፍም፣ ኮምቦልቻ ለብዙ ዓመት የእጅ ስራ ያስተማሩ ናቸው፣ 3ኛው ሰውዬ እንኳን እሳቸው ሲገቡ አንቱ ማለት ጀመረ። የጻፉት ረጅም ስለሆነ ቆንጥሬ ሳይሆን አብጠርጥሬ ነው የምነግራችሁ፣ ሹራቤን ያዳነው እሱ ነው።

አንደኛ ነገር ጥያቄዬን ራሱን አልተቀበሉትም። ሥራው ምንም አልሆነም፣ የተበላሸው አጨራረሱ ነው፣ ስለዚህ የሚተረተረው ስፌቱና የፊቱ ጠርዝ ብቻ ነው አሉኝ። ቁርጥራጮቹ ሳይሰፉ በፊት ነበር ታጥበው በልኬት ተዘርግተው መድረቅ የነበረባቸው፣ እኔ ግን ልኩን ያልያዘ ነገር ሰፋሁ።

ሞገዱን ከፎቶው ብቻ አወቁት። የፊቱ ጠርዝ 60 ሴንቲ ነው፣ በ10 ሴንቲ 16 ረድፍ ስላለኝ 96 ረድፍ አለው፣ እኔ ከእያንዳንዱ ረድፍ አንድ አንድ ቀለበት አንስቼ 96 ቀለበት ጨመርኩበት። ቀለበት ደግሞ ወደ ጎን ሰፊ ነው፣ ረድፍ ወደ ላይ አጭር ነው፣ 60 ሴንቲ የሚፈልገው 72 ቀለበት ብቻ ነው። ከአራት ረድፍ ሦስት አንሺ፣ አራተኛውን ዝለይ። የተረፈው 24 ቀለበት መሄጃ አጥቶ ነው ሞገድ የሆነው! ይሄን ሳነብ ከአልጋ ላይ ተነስቼ ነው የሳቅኩት። በዚያ ላይ ጠርዙ በአንድ ቁጥር ባነሰ መርፌ ቢሰራ ጠበቅ ብሎ ፊቱን ይይዛል።

ለቁልፉም አሰራር አላቸው። መጀመሪያ ቁልፉ የሚሰፋበት የግራው ጠርዝ ይሰራል፣ ቁልፎቹ ተቀምጠው ይታያሉ፣ ከዚያ ነው በቀኙ ላይ ቀዳዳው የሚሰራው፣ የሴት ከሆነ ማለት ነው፣ የወንድ ተገላቢጦሽ ነው። ለስድስት ቁልፍ ከታች 3 ቀለበት ትተዪ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ 2 ቀለበት ይወስዳል፣ በየመሀሉ 11፣ ከላይ 2 ይተርፋል። ደምሬ አየሁት፣ 72 ይመጣል። ከቁልፉ ጀርባ በውስጥ በኩል ትንሽዬ የሸሚዝ ቁልፍ አብሮ ይሰፋል፣ አለበለዚያ ትልቁ ቁልፍ ልሉን ፈትል እየጎተተ ቀዳዳ ያበጅበታል።

ስፌቱን በራሱ በወፍራሙ ክር መስፋቴንም አልወደዱትም። ልል ፈትል በመርፌ ደጋግሞ ሲሳብ ይበጠሳል፣ ስፌቱም እንደ ገመድ ይወፍራል፣ ስለዚህ ቀለሙ የሚመስል ቀጭንና ጠንካራ ክር። ሁለቱ ቁርጥራጮች ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ ጎን ለጎን ይተኙና በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀለበት መካከል ያለችው አግዳሚ ክር አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ እየተነሳች፣ ጥቂት ሴንቲ ከሄደ በኋላ ቀስ ተብሎ ይሳባል፣ ስፌቱ ይጠፋል። ትከሻው ላይ ከውስጥ ጥብጣብ ይሰፋል፣ የምትፈልጊውን የትከሻ ልክ ያህል ተቆርጦ፣ ከዚያ በኋላ ክብደቱን የሚሸከመው ጥብጣቡ ነው። የክር ጫፍ አይቋጠርም። ወፍራም ክር ላይ ቋጠሮ ውሎ አድሮ ወደ ፊት ይወጣል፣ 7 ወይም 8 ሴንቲ በስፌቱ ውስጥ አስገብቶ አዙሮ መመለስ ነው።

17ኛው የኔ ጥያቄ ነው፣ ስለዚያች አግዳሚ ክር። 18ኛ ላይ መለሱልኝ። 19ኛ ላይ ደግሜ ጠየቅኩ። 20ኛ ላይ ትዕግስታቸው አለቀ፣ ሹራቡን በቀን ብርሃን ይዤ መስኮት ስር እንድቀመጥና ስልኩን እንዳስቀምጥ አዘዙኝ። ተማሪዎቻቸው እንዴት እንደተማሩ ገባኝ።

21ኛው ሰው ወንድ ሆኖ እዚህ ገብቶ ወንድ ልጅ ስለ ሹራብ ያወራል ወይ ብሎ 3ኛውን ሰውዬ ሊያሾፍበት ሞከረ። ይሄኔ ነው 3ኛው ሰውዬ የተወደደልኝ፣ የለበስከውን ጋቢ የሸመነው ማን ሆነና ነው ብሎ ዘጋው፣ ራሱም በብስክሌት ሽቦ ኮፍያ ይሰራ እንደነበር ጨመረ፣ ተማሪ ሳለ። ከ22 እስከ 24 የብስክሌት ሽቦ ትዝታ ነው።

25ኛዋ፣ ውጭ ሀገር ያለች ናት፣ እንዲህ ያለው ሹራብ ካርዲጋን እንደሚባልና ስሙን ያገኘው ከአንድ የእንግሊዝ መኮንን እንደሆነ ጻፈች፣ በ1854 በክራይሚያ ጦርነት ፈረሰኛ የመራው። የራግላን እጅጌ ስሙ የመጣው ከዚያው ጦርነት አዛዥ ነው፣ ፊት የሚሸፍነው የሹራብ ኮፍያ ባላክላቫም ከዚያው የውጊያ ቦታ። 26ኛው የደላንታ ልጅ መች ዝም ይላል፣ ከዚያ ጦርነት የኛም ድርሻ መቅደላ አናት ላይ ተቀምጧል አለ፣ አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሰሩት ሴባስቶፖል መድፍ ስሙ የተወሰደው ከዚያው ጦርነት ከተማ ነውና። ይሄ እውነት ደስ ብሎኛል፣ ሹራቤና ሴባስቶፖል ዘመድ ናቸው ብዬ ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ግን ከ27 እስከ 33 መድፉ ስንት ቶን ነው፣ ማን ጎተተው፣ በየት በኩል ወጣ፣ የማን አያት ገመድ ያዘ እየተባለ ሰው ተሰዳደበ። ሁለቴ ተዉ ብያለሁ፣ ማንም አልሰማኝም።

34ኛው የኔ ጩኸት ነው። ስፌቱን ስተረትር፣ ክሩ ከሹራቡ ጋር አንድ ቀለም ስለሆነ፣ ግራ ትከሻ ላይ የሹራቡን የራሱን ቀለበት በመቀስ ቆረጥኩ። ቀዳዳው ዓይኔ እያየ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። 35ኛ ላይ ቲቸር በሁለት ደቂቃ ውስጥ ደረሱ (ያን ቀን ኔትወርክ ስለነበረ አላህ ይስጠው)፣ የተለቀቀችውን ቀለበት በመርፌ ቁልፍ ያዢያት፣ ከዚያ በኪሮሽ እየሳብሽ ረድፍ በረድፍ ወደ ላይ መልሻት፣ የተቆረጠውን በሌላ ክር አያይዢው። አሁን የት እንደነበረ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፣ አሁን እናንተም።

36ኛው ቁልፉን በደላንታ ኦፓል አድርጊው፣ የወሎ ነገር በወሎ ይጌጥ ብሎ ሀሳብ ሰጠ። 37ኛው የድንጋይ ሥራ የሚያውቅ ይመስላል፣ የደላንታው፣ የወገል ጤና ኦፓል ውሃ ይጠጣል፣ ሲርስ ቀለሙ ጠፍቶ እንደ ብርጭቆ ይሆናል፣ ሲደርቅ ነው የሚመለሰው፣ የሚታጠብ ልብስ ላይ ማን ይሰፋዋል ብሎ አስቆመው። ቀንድ ይሻላል አለ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብዙ እስካልተዘፈዘፈ ድረስ አይጣመምም። ቀንድ መረጥኩ።

38ኛዋ ስንት ትሸጪዋለሽ ብላ ጠየቀች፣ ከዚያ ራሷ ዋጋ ሰጠች፣ ዋጋው የሳልቫጅ ሹራብ ዋጋ ነው። 39ኛ ላይ የመለስኩላት መልስ ትንሽ ሻካራ ነበር፣ የሆዱ ፀጉር በሉት። ሰባት ሳምንት እኮ ነው! 40ኛ ላይ ተኮራርፈናል፣ 41ኛ ላይ ታርቀናል፣ ፈትል ከየት እንደሚገኝ ነግሬያታለሁ።

42ኛው የእማማ ነው፣ በልጅቷ በኩል። ደረቀ ወይ ብለው።

እና 43ኛው የኔ መልስ፣ ደርቋል። ስፌቱን ፈትቼ አምስቱን ቁርጥራጭ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሀያ ደቂቃ ዘፈዘፍኩ፣ ሳልጨምቅ በፎጣ ጠቅልዬ ቆምኩበት፣ ሰሌኑ ላይ ዘርግቼ በሜትር እየለካሁ በማይዝግ ስፒል ወጠርኩ። አራት ቀን ፈጀ፣ ክረምት ነው። ርዝመቱ ከ84 ወደ 69 ወርዷል፣ 66 አልመለስ አለ፣ ይሁን። እጅጌው አሁንም ይረዝማል፣ አንድ ጊዜ አጥፌ እለብሰዋለሁ። የፊቱ ጠርዝ በ72 ቀለበት ተሰርቶ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሏል። እናቴ አየችው፣ ዳሰሰችው፣ ለጠዋት ወደ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ለበሰችው፣ እስካሁን አልመለሰችልኝም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ከስድስቱ የቀንድ ቁልፍ አንዱ ስሰፋው ተሰነጠቀ። ጠቆር ያለ ቡኒ፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣ ዲያሜትሩ 28 ሚሊ የሆነ፣ ሰኞ ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ ያያችሁ ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ፣ መጥቼ እወስዳለሁ። የመቅደላ ሰዎች ለራሳችሁ ሌላ ክር ክፈቱ።